ሐተታ ዘሴፍቲ ቫልቭ

በመራዊ ከተማና በአጎራባቿ በሚገኙ መታጠቢያ ቤቶች ስለ ነከሰ የቦይለር ማስተንፈሻ፣ ስለ ምክንያቱ፣ ስለ መድኃኒቱና ስለ ጠብታው ባለቤትነት

መቅድም

ሊቃውንት ስለ ነፍስ ባሕርይ ጽፈዋል። ስለ ከዋክብት ዑደት፣ ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ጽፈዋል። ከጣና ደሴቶች ዕቃ ቤት እስከ ዋሸራ ቅኔ ቤት የተከማቸው ብራና አንድ በአንድ ቢዘረጋ ከመራዊ ተነሥቶ፣ ቡሬን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል ብንል የሚከራከረን አይገኝም፤ የሚለካውም አይገኝም። ከዚያ ሁሉ ብራና ውስጥ ግን ስለ ሴፍቲ ቫልቭ የተጻፈ አንዲት መስመር የለችም።

ይህን ዝምታ ከንቀት መቁጠር ስሕተት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የሚታጠብ ሊቅ ስለ ሙቅ ውሃ ግፊት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም፤ ጉዳዩን ለእኛ ትውልድ ትተውልን አልፈዋል። እኛም አደራውን ተቀብለን ብዕራችንን አነሣን። ትሕትና ለጸሐፊ ጌጥ እንደ ሆነ አይጠፋንም፤ የጉዳዩ ክብደት ግን ትሕትናን የሚፈቅድ ሆኖ አላገኘነውም።

አስቀድመን ወሰን እናብጅ። ብርድ በጸናባቸው አገሮች ቦይለር ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ መኪና ነው፤ ጋዝ እየበላ ውሃ ያግላል፣ የጋለውንም በየክፍሉ በተዘረጋ ቧንቧ ያዞራል። በመራዊ ቤት የምታሞቀው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ካልበቃች ጋቢ አለ፤ ጋቢ ካልበቃ የከሰል ማንደጃ አለ፤ ማንደጃውም ካልበቃ ጎረቤት ይጠራና ቡና ይፈላል። ስለዚህ የዚህ ሐተታ ቦይለር በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከሰው ራስ በላይ የተሰቀለው፣ በመብራት የሚሠራው ነጭ በርሜል ነው። ሴፍቲ ቫልቭ ደግሞ ከሥሩ የምትታሠረው ትንሽ የነሐስ ዕቃ ናት፤ ባለሙያዎች በአጭሩ «ሴፍቲ» ይሏታል።

ለቸኮለ አንባቢ የሐተታውን ፍሬ ነገር እዚሁ እናስቀምጥለት፦ የምታንጠባጥብ ሴፍቲ ጤነኛ ናት፤ ሐኪም የሚያሻት ዝም ያለችው ናት። ይህ ብቻ ይበቃኛል የሚል መሄድ ይችላል። ዕውቀት የሚሻ ይቀመጥ።

ምዕራፍ አንድ፤ ስለ ሙቅ ውሃ አመጣጥ

መራዊ የሰሜን ሜጫ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር በአስፋልቱ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ የጅቡቲ ሰው የመራዊን ፍል ውሃ «ለብ ያለ» ብሎ ቢያጣጥል ሳይንስ ከጎኑ ይቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ግን ያንኑ ሰው ከመራዊ ቀዝቃዛ ሻወር ሥር አቁሞ መጠየቅ ነው።

ቦይለር ሳይመጣ በፊት ሙቅ ውሃ ከሦስት ጉልቻ ላይ ይገኝ ነበር። ሜጫ የባሕር ዛፍ አገር ነው፤ አጣናው በጭነት መኪና ተጭኖ ይወጣል፣ ጭራሮውና ቅጠሉ ለምድጃ ይቀራል። ድስቱ ይጣዳል፣ ውሃው ይሞቃል፣ በባልዲ ተበርዞ በጣሳ ይፈስሳል። ይህ ሥርዓት የነበረውን ታላቅ ጥበብ ያስተዋለ ሰው ጥቂት ነው፦ የድስቱ ክዳን አይታሠርም። እንፋሎት ሲበዛ ክዳኑን ብድግ አድርጎ ይወጣና መልሶ ያስቀምጠዋል። ይህም ማለት እናቶቻችን በየቀኑ በሴፍቲ ቫልቭ ሲገለገሉ ኖረዋል ማለት ነው፤ የጎደለው ሐተታ ብቻ ነበር።

እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ይህንንም ድካም ዘልለው፣ ምድር ራሷ ቦይለር ሆና የቆየችበትን ፍልውሃን መረጡ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚያ ፍል ውሃ አጠገብ ነው። መራዊ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማትም። ለእርሷ የደረሳት ዕጣ ግን በረቀቀ መንገድ የሚበልጥ ነው። የቆጋ ወንዝ በአጠገቧ አልፎ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል። ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይፈስሳል። ከጣና የሚቀዳው ውሃ በዋሻ ወርዶ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን የጣና በለስ ጣቢያ ተርባይን ያዞራል። ኤሌክትሪኩም በብሔራዊው መረብ ከሌላው ጋር ተደባልቆ፣ በሽቦ ተመልሶ መራዊ ይገባና የመራዊን ውሃ ያሞቃል። ውሃ ሄዶ ሄዶ ራሱን አሞቀ። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ምዕራፍ ሁለት፤ ስለ ሴፍቲ ባሕርይ

ሴፍቲ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ቦይለሩ በሚገባበት አፍ ላይ ትታሠራለች። ከውጭ ሲያዩዋት ከአውራ ጣት ጥቂት የምትበልጥ ሆና ቀይ ወይም ጥቁር የፕላስቲክ ምላስ አላት፤ ከጎኗም አንዲት ትንሽ አፍንጫ ተከፍታ ትቀራለች። ከውስጥ ግን ሁለት ሹመት ደርባ ይዛለች። አንደኛው ሹመት የቼክ ቫልቭ ነው፤ ውሃ ያስገባል እንጂ አይመልስም። በዚህም የመንገዱ ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩ ወደ ኋላ ተንጠፍጥፎ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ በባዶ እንዳይቃጠል ይጠብቃል። ሁለተኛው የስፕሪንግና የጎሚኒ ሹመት ነው፤ ግፊት ከልኩ ሲያልፍ ስፕሪንጉ ይሸነፋል፣ ጎሚኒው ከመቀመጫው ይነሣል፣ ትርፉ በአፍንጫዋ ይወጣል።

ልኩ ብዙውን ጊዜ በነሐሱ ላይ ተቀርጿል፤ 7 ባር ወይም 8 ባር ይላል። 8 ባር ማለት 80 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ የሚጫነው ጫና ነው። በግቢው ውስጥ ባለ 3 ሜትር መቆሚያ ላይ የተሰቀለው ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ በ0.3 ባር የሚኖር ቤት ውስጥ 8 ባር የምትጠብቅ ሴፍቲ ምን አግኝታ ታንጠባጥባለች?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ጠየቀ።

ነገሩ ከሮቶው አይደለም፤ ከሙቀቱ ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 65 ሲደርስ 0.9 ሊትር ያህል ያብጣል። 1.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ቦይለር ይህን ለማድረስ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ውሃው በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀስ እያለ ይወፍራል። ወደ ፊት እንዳይሄድ ቧንቧው ተዘግቷል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቼክ ቫልቩ ከልክሏል። ውሃ ደግሞ እንደ አየር ታምቆ የሚቀመጥ ፍጡር አይደለም። ስለዚህ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፤ 8 ሲደርስ ሴፍቲ አንዲት ጠብታ ትጥላለች፣ ታርፋለች፣ ደግማ ትጥላለች።

ጠብታዋንም በመምህራን ወግ እንተርጉማት። አንድም፣ ውሃው ሲሞቅ ስላበጠ ነው፤ ምልክቱም ቦይለሩ ሲበራ መጀመሯ፣ ሲጠፋ ማቆሟ ነው፤ ይህ ጤና ነው። አንድም፣ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ይዞት የገባው ደቃቅ አሸዋ በጎሚኒው ላይ ስለ ተቀመጠ ነው፤ ምልክቱም ቀንም ሌሊትም፣ ቢበራም ቢጠፋም ማንጠባጠቧ ነው፤ ምላሷን አንሥቶ ውሃው ለጥቂት ጊዜ በኃይል እንዲወጣ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያጥበዋል። አንድም፣ ሌሊት የከተማው ሰው ሲተኛ የመስመሩ ግፊት ስለሚጨምር ነው፤ ይህ ከመንገድ በቀጥታ ለሚቀዳ ቤት እንጂ ለባለ ሮቶ አይሠራም። አንድም፣ ቴርሞስታቱ ታሞ «በቃ» ማለት ስለ ረሳ ነው፤ ምልክቱም ጠብታው ተትቶ ጅረት መሆኑ፣ ውሃው ማቃጠሉና ቦይለሩ ማጉረምረሙ ነው። በዚህኛው አንድም ላይ የደረሰ ሰው መጽሐፉን አስቀምጦ ብሬከሩን ያውርድ፤ ትርጓሜው ይቆየዋል።

ምዕራፍ ሦስት፤ ስለ ወገኖቹ ክርክር

በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ የሃይማኖት ክርክር ውሳኔ አግኝቷል። የሴፍቲ ክርክር ግን እስካሁን ጉባኤ የሚጠራለት ንጉሥ አላገኘም። በመሆኑም የመራዊ ሕዝብ በሦስት ወገን ተከፍሎ ይኖራል።

ቀዳሚዎቹ ድፍን ባዮች ናቸው። ጠብታ ብክነት ነው፤ ብክነት ኃጢአት ነው፤ ስለዚህ አፍንጫዋ ይደፈን ይላሉ። መሣሪያቸው ከባሕር ዛፍ የተጠረበ ውታፍ ነው። ሁለተኞቹ ዝቅ ባዮች ናቸው፤ ቴርሞስታቱን 40 ዲግሪ ላይ አውርደው ጠብታውን ያባብላሉ። እነዚህ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለብ ብሎ በቆመ ውሃ ውስጥ የሚራባ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ እንዳለ አልሰሙም። በ1976 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ ስብሰባ የተቀመጡ የቀድሞ ወታደሮችን በሳንባ ምች ከፈጀ ወዲህ ዓለም በስሙ ያውቀዋል፤ 60 ዲግሪ ላይ ግን አይቆምም። ሦስተኞቹ ጠብታ ባዮች ናቸው፤ በቁጥር ትንሽ፣ በእውነት ብዙ ናቸው። እኛ ከእነርሱ ወገን ነን፤ ገለልተኛ ነን ብለን አንባቢን አናታልልም።

የድፍን ባዮች ትምህርት የት እንደሚያደርስ ለማሳየት አንድ ምስክር ይበቃል። ከገበያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት አከራይ ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተዋል።

«ልጄ፣ ይችን ቦይለር እያት እስቲ። ቧንቧውን ስከፍተው ይተፋል፣ ያንኮራፋል። ተከራዮቹ ፈርተው መታጠብ ትተዋል።»

«እትዬ፣ ድሮ ታንጠባጥብ ነበር?»

«ኧረ ተወኝ! ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ እያለች እንቅልፍ ስትነሣኝ ነበር። ወንድሜ ነው መላ ያበጀላት። ይኸው ዓመት ሆናት፣ ጸጥ ብላለች።»

ልጁ በርጩማ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ ያለውን ብሬከር አወረደ። ቀጥሎ የሙቁን ውሃ ቧንቧ ከፍቶ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ከዚያ የስልኩን መብራት ወደ ሴፍቲዋ አዞረ። አፍንጫዋ ውስጥ የገባው ውታፍ ጫፉ ጠቁሮ፣ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ በዙሪያው ነጭ ቅርፊት አብቅሏል። በምላሷ ሥር አረንጓዴ ዝገት እንደ ሻጋታ ተጋግሯል። በፒንሳ ያዘና እያዞረ ነቀለው። (በዚህ ሐተታ ውስጥ ብቻ «ውታፍ ነቃይ» የማዕረግ ስም ነው።) ውታፉ ወጣ። አፍንጫዋ ተከፈተች። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ምላሷን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋት፤ አልተነሣችም። ቀዝቃዛውን ውሃ ለመዝጋት ወደ ሳራቺኔስካው ዞረ፤ እርሱም አልዞር አለ።

«እትዬ» አለ ከበርጩማው ሳይወርድ፣ «አሁን ውታፉም አያስፈልጋትም። ነክሳለች።»

«እሰይ!» አሉ እትዬ።

ወደ ሌላ ነገር ከማለፋችን በፊት በዚህ «እሰይ» ላይ ጥቂት እንቆይ። የነከሰች ሴፍቲ ውሃውን ታምቃ ትይዛለች። ቴርሞስታቱ ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ በርሜሉ ብቻ ነው የሚጨነቀው። ቴርሞስታቱም የነከሰ ዕለት ግን ማንም «በቃ» የሚል የለም። በ8 ባር ግፊት ሥር ያለ ውሃ እስከ 175 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። በርሜሉ ተሸንፎ የተቀደደ ጊዜ ግፊቱ ባንዴ ይወርድና ውሃው ከመቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ይዞራል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይጠይቃል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል በሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አምስቱ ሊትር ብቻ ቢተንን ክፍሉን ሞልቶ ጣሪያውን ይጠይቃል። ቆርቆሮው መልስ አይኖረውም።

ምዕራፍ አራት፤ አገር በቀል ቦይለር ስለ መኖሩ

ወግ አጥባቂው አንባቢ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ሊለን እንደ ተዘጋጀ እናውቃለን። ወደ ደምበጫ ይሂድ። ደምበጫ በአረቄዋ የታወቀች ናት፤ አረቄ ደግሞ ያለ ቦይለር አይወጣም። ድፍድፉ በማሰሮ ይጣዳል፤ አፉ ላይ ክዳኑ ይገጠማል፤ እንፋሎት እንዳያመልጥ ዙሪያው በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል፤ በክዳኑ በኩል ሸምበቆ ይወጣና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው መቀበያ ይወርዳል። እንፋሎቱ በሸምበቆው ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ይንጠባጠባል። እዚያ ቤት ጠብታ ይቁም የሚል ሰው አይገኝም፤ ጠብታው ገንዘብ ነው።

አረቄ አውጪዋ ዓይኗን ከምርጊቱ አትነቅልም። እሳቱ ሲበረታ ወይም ሸምበቆው ሲታፈን መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ሊጡ ነው፤ እንፋሎቱ ከዚያ ፊሽ ይላል፤ እሷም እሳቱን ትቀንሳለች፣ ሊጡን ትደግማለች። ማሰሮው ተረፈ። እነሆ በ8 ባር ሳይሆን በሊጥ ውፍረት የተለካ ሴፍቲ! ማሰሮው ከመሰንጠቁ በፊት የሚሸነፍ ደካማ ነገር ሆን ተብሎ እንዲኖር ማድረግ የሴፍቲ ፍልስፍና ሁሉ ነው። ምርጊቱን በሲሚንቶ የሚመርግ አረቄ አውጪ አልታየም። ሴፍቲን በውታፍ የሚደፍን አከራይ ግን በየመንደሩ አለ፤ እንዲያውም አንዳንዱ ማታ ማታ አረቄውን እየቀመሰ።

ፈረንጆቹ ከዚሁ ጥበብ የደረሱት ዘግይተው ነው። ዴኒ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 እ.ኤ.አ. አጥንት የሚያለሰልስ ጥብቅ ድስት ሠርቶ ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ድስቱ እንዳይፈነዳበትም ክብደት የተንጠለጠለበት ማንሻ ያለው ቫልቭ ጨመረለት። በእኛ ቤት ፕሬዠር ኩከር ያየ ሰው የፓፓንን የልጅ ልጅ አይቷል። ከእርሱ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ቦይለር መፈንዳቱን አላቆመም። በ1905 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰው ከሞተ በኋላ ነው ክፍለ ግዛቱ ሕግ ያወጣው፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ብዙ ሳይቆይ የቦይለር ደንቡን አሳተመ። እዚህ ቦታ ላይ ቀልዳችንን ለጊዜው እናስቀምጣለን።

ምዕራፍ አምስት፤ ሴፍቲ ስለ ምን ትነክሳለች

ከምድር የሚወጣ ውሃ በአለት መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሞ ይመጣል። ሲሞቅ፣ በተለይም ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሸክሙን ያራግፋል፤ ያ ነው በጀበና ውስጥና በሬዚስታንስ ላይ የሚጋገረው፣ ሰፈሩ «ጨው» የሚለው ነጭ ነገር። በሴፍቲ ዘንድም እንዲሁ ነው። ጠብታዋ አፍንጫዋ ላይ ስትደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል፤ ጨው በጨው ላይ ይደረባል፤ ጎሚኒውን ከመቀመጫው ጋር ይሰፋዋል። ውታፍ ሲጨመርበት ደግሞ ውሃው እዚያው ታጉሮ ነሐሱን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ዋናው ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ ይቀላል፦ የሚነካት የለም። የመስኖ ቦይ በር ተራ በደረሰ ቁጥር ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ከመራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ የሚኖረው በበሮቹ እንቅስቃሴ ነው። ሴፍቲ ግን ከታሠረችበት ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ እጅ አይነካትም። ሳራቺኔስካውም ያው ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛው ጥርቅም አድርጎ ከፍቶት ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

በዚህ ነገር እኛ ብቻ አይደለንም። በሚኒሶታና በለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት የሚያሞቀው ቦይለርም ይኸው ሕመም አለበት። በበጋቸው ማሞቂያው ይዘጋል፤ ወራት አልፎ ብርዱ ሲመለስ የራዲያተሩ ቫልቭ ውስጥ ያለችው ቀጭን ፒን ወርዳ በዚያው ቀርታለች። ምድር ቤቱ ያጉረመርማል፣ ሳሎኑ በረዶ ነው። የቫልቩን ኮፍያ ፈትቶ ፒኗን በቀስታ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያድናታል፤ ይህን የማያውቅ ግን ካፖርቱን ለብሶ ባለሙያ ይጠብቃል። እንጀራ ፍለጋ ውቅያኖስ የተሻገረ ሰው ከቫልቭ አላመለጠም።

ምዕራፍ ስድስት፤ ስለ መዶሻ

አይሆንም።

ምዕራፍ ሰባት፤ ስለ መድኃኒቱ

ወደ በርጩማው እንመለስ። ልጁ ያደረገውን ሁሉ በቅደም ተከተል ማጽደቅ የዚህ ሐተታ ደስታ ነው። ብሬከሩን አስቀድሞ ማውረዱ ትክክል ነበር፤ ምላሷ በድንገት ብትነሣ በሚፈላ ውሃ ከመቃጠል፣ ውሃው ሲወርድም ሬዚስታንሱን ከማሳረር ያድናል። ሙቁን ቧንቧ መክፈቱም ትክክል ነበር፤ ግፊቱ በሕጋዊው በር ወጣ።

ቀጥሎ ያለው የሳራቺኔስካው ነገር ነው። ወደ መክፈቻው በኩል ጥርቅም ብሎ የነከሰን ሳራቺኔስካ በጉልበት አዙራለሁ ያለ ሰው ውስጡ ያለውን ዘንግ ሰብሮ እጀታውን ይዞ ይቀራል፤ በየቤቱ በባዶ የሚሽከረከሩ እጀታዎች የዚህ ቅርስ ናቸው። ልጁ ግን እጀታው ሥር ያለችውን ዳዶ በመፍቻ ጥቂት አላላ፣ ዘይት አንጠበጠበ፣ ጠበቀ። ከዚያ ወደ መዝጊያ ትንሽ፣ ወደ መክፈቻ ትንሽ፣ መልሶ ወደ መዝጊያ። እያንዳንዷ ዙር ከፊተኛዋ ፀጉር ያህል ትሰፋለች። እትዬ ከበሩ ላይ ሆነው «ምነው ልጄ፣ ትጫወትበታለህ እንዴ?» አሉ። መልስ አልሰጣቸውም፤ ጥበብ በሥራ ላይ ስትሆን አፍ የላትም። ሳራቺኔስካው ጮኸና ዞረ። (እስከ ጥግ ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ዙር መመለስ ለሚመጣው ዓመት እንዳይነክስ ያደርገዋል፤ ይህን ያልነገረን ባለሙያ ዋጋውን ይቀንስ።) ሳራቺኔስካው ፈጽሞ እንቢ ቢል ኖሮ ከቆጣሪው ላይ ወይም ከሮቶው ሥር ይዘጋ ነበር። ሦስተኛም አማራጭ አለ፤ ውሃ የሚጠፋበትን ቀን መጠበቅ ነው።

ሴፍቲዋ ተፈትታ ወረደች። አንዳንዷ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ስታድር ጨዉ ይሟሟና ምላሷ ይፈታል፤ አሲድ ካልሲየም ካርቦኔትን ይበላዋልና። ይህችኛዋ ግን ነሐሷ ተበልቷል፣ ስፕሪንጓ ዝጓል። እንዲህ ያለችውን ማስታመም ከንቱ ነው፤ አዲስ ይገዛል። ሲገዛም በላይዋ የተቀረጸው ባር ቦይለሩ ላይ ከተለጠፈው ልክ እንዳይበልጥ፣ የፍላጻዋም አቅጣጫ ወደ ቦይለሩ እንዲሆን ማየት ነው። ቴፍሎን ተጠመጠመ፣ አዲሷ ታሠረች፣ ሳራቺኔስካው ተከፈተ። ልጁ ሙቁን ቧንቧ ሳይዘጋ ጠበቀ፤ አየሩ ተንተፋትፎ ወጥቶ ውሃው ሳያቋርጥ እስኪወርድ ድረስ። ብሬከሩን የመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህችን ትዕግሥት ያጣ ሰው በባዶ በርሜል ሬዚስታንስ ያቃጥላል።

ከሰዓት በኋላ ቦይለሩ ሞቀ። ጠብ አለች።

«ይኸው ጀመረች!» አሉ እትዬ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ክምር እያዩ።

«ይንኳትና ተመልሼ አልመጣም» አለ ልጁ። «በየወሩ ምላሷን አንዴ አንሥተው ይልቀቁልኝ፤ ውሃ ፊሽ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ካለ ደኅና ናት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ምዕራፍ ስምንት፤ ስለ ጠብታው ባለቤትነት

ጉዳዩ እዚህ ላይ ከመካኒክነት ወደ ሕግ ይሻገራል። ከሴፍቲዋ ሥር ጀሪካን ተቀመጠ። ጠብታው ከቀዝቃዛው መግቢያ በኩል ስለሚወጣ ንጹሕና ብዙም ያልሞቀ ነው፤ በአንድ ማሞቂያ 0.9 ሊትር ገደማ ይሞላል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ቤት ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ሴፍቲ ጠብታ ዝም ይላል። ተከራዩ «ውሃውን ያሞቅሁበት የመብራት ክፍያ የእኔ ነው» ይላል። አከራይዋ «ቦይለሩ የእኔ፣ ቆጣሪው በስሜ» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ክርክሩ አያልቅም።

የእኛ ብይን ጀሪካኑን ማንሣት ነው። አፍንጫዋ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይገጠም፤ ቱቦው ሳይታጠፍ፣ ሁልጊዜ ቁልቁል እየወረደ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ጫፉ በምንም ዓይነት አይደፈን፣ ውሃ ውስጥም አይጠለቅ። እትዬ ቤት ይህ ተደረገ። ቱቦው የወጣው አከራይዋ ከተከሏት የጌሾ እግር ሥር ነው። ጌሾዋ በበጋ ለምልማ ተገኘች፤ ተከራዩም ቅጠሏ ላይ ድርሻ እንዳለው ማስላት ጀምሯል።